ከነገ ተነስቶ ወደ ትናንት፦ የብላክ ሆልን አድማስ በኮድ መፈለግ

ፕሮጀክቱ ትንሽ ነው። አንድ ላፕቶፕ፣ ፓይተን፣ ጥቂት መቶ መስመር ኮድ። ብላክ ሆል ሲወለድና ሲያድግ የክስተት አድማሱ (ብርሃን እንኳ የማያመልጥበት ድንበሩ) የት እንዳለ፣ ከመቼ ጀምሮስ እንዳለ በግራፍ ማየት እፈልጋለሁ። ከዚያ አልፎ፣ አጠቃላይ አንጻራዊነት፣ ማለትም የአይንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ፣ «የነገን ማወቅ» የሚባለውን ነገር የት ላይ እንደሚያስቆመው በቁጥር መንካት አማረኝ። ከታች ያለው እየሠራሁ የጻፍኩት ነው፤ ቅደም ተከተሉን አልነካሁትም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቅዳሜ፣ መለኪያ

በዚህ ሥራ ኪሎ ሜትርና ሰከንድን ለየብቻ ይዞ መዞር ራስ ምታት ነው። የብርሃንን ፍጥነትና የስበትን ቋሚ ቁጥር 1 አደርጋቸዋለሁ። ያኔ መጠነ ቁስ ርዝመትም ጊዜም ይሆናል። የፀሐይ መጠነ ቁስ 1.477 ኪሎ ሜትር ነው፤ በጊዜ ሲለካ ደግሞ 4.925 ማይክሮ ሰከንድ። ኮዱ ውስጥ «መ» ብዬዋለሁ። የማይሽከረከርና ኤሌክትሪክ የሌለው ብላክ ሆል ራዲየስ 2መ ነው። ለፀሐይ 2.95 ኪሎ ሜትር፣ ለመሬት 9 ሚሊ ሜትር ገደማ። ጋላክሲያችን መሃል ላለው፣ 4.3 ሚሊዮን ፀሐይ ለሚያህለው ብላክ ሆል፣ አንድ መ ማለት 21.2 ሰከንድ ነው። ይህችን 21.2 ሰከንድ ያዙልኝ፤ ደጋግማ ትመጣለች።

ሽዋርዝሺልድ በ1916 ያሳተመው የአይንስታይን እኩልታዎች መፍትሔ ራዲየሱ 2መ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ይፈነዳል። ቦታው ግን ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ስለዚህ ኤዲንግተን በ1924፣ ፊንከልስታይን በ1958 የተጠቀሙበትን አቆጣጠር ወሰድኩ። ወደ መሃል የሚገባ እያንዳንዱ ብርሃን ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሰዓቱ ያ ቁጥር ነው። «ሰ» እለዋለሁ። ራዲየሱን ደግሞ «ራ»።

እያደገ የሚሄድ ብላክ ሆል ስለምፈልግ ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቫይዲያ ያወጣውን ቀመር መረጥኩ። እዚያ መጠነ ቁሱ ከሰ ጋር ይለወጣል፤ የሚወድቀው ነገር በብርሃን ፍጥነት የሚገባ ጨረር ነው። እውነተኛ ኮከብ እንዲህ አይወድቅም። ግን ነገሩን ሁሉ ወደ አንድ መስመር ያወርድልኛል። ወደ ውጭ የተተኮሰ ብርሃን የሚታዘዘው ለዚህ ብቻ ነው፦

የራ ለውጥ በሰ = ½ × (1 − 2መ/ራ)

በቃ። ራ ከ2መ ሲበልጥ ብርሃኑ ይወጣል። ሲያንስ፣ ወደ ውጭ የተተኮሰውም ወደ ውስጥ ይጎተታል።

የክስተት አድማስ ማለት ጊዜ ቢሰጠው ሩቅ መውጣት የሚችለውን ብርሃን፣ እስከ ዘላለም ከማይወጣው የሚለይ ድንበር ነው። መስፈርቱ የዛሬን አይጠይቅም፤ መጨረሻውን ነው የሚጠይቀው። የዚህ ፕሮጀክት ጣጣ በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

እሁድ፣ ወደ ፊት

ቀላሉን ሙከራ አስቀደምኩ። ከሰ=0 በፊት ባዶ ሕዋ። ሰ=0 ላይ አንድ ስስ የጨረር ቅርፊት ከየአቅጣጫው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መ=1 ነው። ከመሃሉ በተለያየ ሰዓት ብርሃን እተኩሳለሁ። አንዱ ያመልጣል፣ አንዱ ይቀራል። ባመለጠውና በቀረው መካከል ያለውን ክፍተት በየጊዜው በግማሽ እያጠበብኩ ድንበሩን እፈልጋለሁ።

ድንበሩ ይገኛል፤ ግን ብዙ አይቆይም። ቀመሩን 2መ አጠገብ ብትፈትሹት፣ ከድንበሩ ያለው ልዩነት በየ4መ ጊዜው 2.718 እጥፍ እያደገ ይሄዳል። ሹል ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ኳስ ነው፤ ትንሽ ዘንበል ካለ ወይ ወዲህ ወይ ወዲያ። ላፕቶፑ ቁጥር የሚይዘው እስከ 16 አኃዝ ገደማ ነው። 10 ሺህ ትሪሊዮን ጊዜ ለማደግ 147መ ይበቃል። ለፀሐይ መጠነ ቁስ ይህ 0.72 ሚሊ ሰከንድ ነው። ለጋላክሲያችን ብላክ ሆል 52 ደቂቃ። ከዚያ በኋላ ኮዱ አድማስ ላይ ያለ የመሰለው ብርሃን ሁሉ ወይ አምልጧል ወይ ወድቋል።

የተሻለ አኃዝ ብንይዝስ? 32 አኃዝ ብንይዝ 52 ደቂቃው ወደ 1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ከፍ ይላል። አኃዙን እጥፍ አድርጎ የሚገኘው ጊዜም እጥፍ ብቻ። ብዙም አያዋጣም።

እሁድ ማታ፣ ወደ ኋላ

ወደ ፊት የሚበተን ነገር ወደ ኋላ ሲሮጥ ይሰበሰባል። ስለዚህ ከወደፊቱ ተነሳሁ። ሰ=60 ላይ ሆን ብዬ የተሳሳቱ ሁለት ግምቶች ሰጠሁት፦ አንዱ ራ=3፣ ሌላው ራ=1.5። ሁለቱም ከ2 የራቁ ናቸው። ወደ ሰ=0 ሲመለሱ አንደኛው 2.0000005፣ ሁለተኛው 1.9999999 ሆነው ደረሱ። ግምቱ ምንም ቢሆን አድማሱ ራሱ ይጎትተዋል። ብላክ ሆሎችን በትልልቅ ኮምፒውተሮች የሚያጋጩ ተመራማሪዎችም የክስተት አድማስ የሚፈልጉት እንዲህ ነው፤ ስሌቱ ካለቀ በኋላ፣ ከመጨረሻው ተነስተው ወደ ኋላ።

ከሰ=0 በፊት ያለው ባዶ ሕዋ ነው። እዚያ መ ዜሮ ስለሆነ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ራ = 2 + ሰ/2። ዜሮ የሚሆነው ሰ = −4 ላይ።

ግራፉን ለረጅም ጊዜ አየሁት። አድማሱ የሚወለደው ቅርፊቱ መሃል ከመድረሱ 4መ ቀደም ብሎ ነው፤ ምንም በሌለበት፣ ባዶ ቦታ ላይ። ከዜሮ ተነስቶ በብርሃን ፍጥነት እየሰፋ ወጥቶ ቅርፊቱን 2መ ላይ ያገኘዋል። የፀሐይን ያህል ቁስ ከወደቀ 4መ ማለት 20 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ነው፤ የሚያስጨንቅ አይደለም። ለ4.3 ሚሊዮን ፀሐይ 85 ሰከንድ። ጋላክሲ ኤም87 መሃል ያለውን፣ በ2019 ምስሉ የወጣውን፣ 6.5 ቢሊዮን ፀሐይ የሚያህል ብላክ ሆል የሚሠራ ቅርፊት ከሆነ ደግሞ 35 ሰዓት ተኩል።

35 ሰዓት ተኩል መሃል ላይ የተቀመጠ ሰው ብላክ ሆል ውስጥ ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ መሣሪያውን ይፈትሻል። ስበት የለም፣ የሚታይ ነገር የለም። ቅርፊቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚመጣ ቀድሞ የሚደርስ ማስጠንቀቂያም የለም። ሲያውቀው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። መሣሪያው ደካማ ሆኖ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ላይ የሚለካ ምንም ነገር የለም።

ሰኞ፣ ሁለተኛ ቅርፊት

አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ሰ=40 ላይ ሁለተኛ ቅርፊት ይግባ፣ መ ከ1 ወደ 1.5 ይደግ። የመጨረሻው ራዲየስ 3 ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ሁለት ዓይነት አድማስ ጎን ለጎን ሳልኩ። አንዱ የክስተት አድማስ ነው። ሌላው አፓረንት ሆራይዘን የሚሉት፣ በዚያች ቅጽበት ወደ ውጭ የተተኮሰ ብርሃን መስፋት የሚያቆምበት ቦታ ነው፤ እኔ የወቅቱ አድማስ እለዋለሁ። ይሄኛው የአሁኑን ብቻ ያያል፣ እዚህ ሁልጊዜ 2መ ላይ ነው። እስከ ሰ=40 ድረስ 2 ላይ ተተክሎ ይቆይና ዘሎ 3 ላይ ይወጣል።

የክስተት አድማሱ ግን አይዘልም። ሰ=30 ላይ፣ ሁለተኛው ቅርፊት ሊገባ 10መ ሲቀረው፣ 2.127 ላይ ነው። ምንም አልገባም፣ እሱ ግን ማበጥ ጀምሯል። ሰ=0 ላይ ደግሞ 2 አይደለም፤ 2.000075 ነው። ስለዚህ የልደት ሰዓቱም ፈቀቅ ብሏል፦ ከ−4 ወደ −4.00015። በጋላክሲያችን ብላክ ሆል ልክ 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። ከ14 ደቂቃ በኋላ የሚመጣ ቅርፊት የዛሬውን ልደት በ3 ሚሊ ሰከንድ ቀደም ያደርገዋል።

ሰው «እንዴት ነገ ዛሬን ይለውጣል?» ሊል ይችላል። አይለውጥም። ምንም ዓይነት ኃይል ወደ ኋላ አልሄደም። የክስተት አድማስ ቁስ አይደለም፣ ግድግዳ አይደለም፤ ታሪኩ ካለቀ በኋላ ካርታው ላይ የሚሰመር ድንበር ነው። የልጅን ዕጣ ፈንታ ሲወለድ እንደመመዝገብ ያለ ጥያቄ ነው የምንጠይቀው፤ መልሱ ሁሉንም ሳያይ አይመጣም። ለዚህ ነው በስሌት ጊዜ ሰዎች የወቅቱን አድማስ የሚከታተሉት። የሒሳብ ሊቁ ሮጀር ፔንሮዝም በ1965፣ ብላክ ሆል ውስጥ ሲንጉላሪቲ (ቀመሩ ትርጉም የሚያጣበት ጫፍ) መኖሩ እንደማይቀር የሚያሳየውን ያን የታወቀ ማስረጃውን ሲጽፍ የተመረኮዘው በክስተት አድማስ ላይ አልነበረም፤ ብርሃን በየትኛውም አቅጣጫ ቢተኮስ በሚሰበሰብበት ወለል ላይ ነው፤ ያ ደግሞ እዚያው በቦታው የሚፈተሽ ነገር ነው። በ2020 ኖቤል ያገኘበት ሥራ ነው።

ማክሰኞ፣ አጭር

መ=0 አድርጌ አስሮጥኩት፤ ኮዱ መሥራቱን ለማረጋገጥ ብቻ። ሁሉም መስመር ቀጥ ያለ ነው፣ ደህና።

ግን እዚህም ላይ አንድ ነገር አለ። ስበት በሌለበት ሕዋም የነገዬን መተንበይ አልችልም። ዛሬ የማውቀው ብርሃን እስከ ዛሬ ያደረሰልኝን ብቻ ነው። ነገ ደግሞ ከዛሬው ክልል ውጭ የተነሳ ብርሃን ይደርሳል፤ ስለሱ ዛሬ አንዳች ፍንጭ የለኝም። ሕጉ ፍጹም ቢሆንም መረጃው እጄ ላይ የለም። ኢቮን ሾኬ ብሩሃ በ1952፣ ከዚያም ከሮበርት ጌሮች ጋር በ1969 ያረጋገጡት ነገር፣ በአንድ ቅጽበት የሕዋን ሙሉ መረጃ ከያዝክ የአይንስታይን እኩልታዎች አንድ የተወሰነ ታሪክ ብቻ ይሰጡሃል የሚል ነው፤ እስከቻሉት ርቀት ድረስ። «ሙሉ መረጃ» ማንም የለውም። «እስከቻሉት ርቀት» ደግሞ የት እንደሚያበቃ ነው ቀጣዩ ሥራ።

ረቡዕ፣ አንድ አሥራ ስድስተኛ

ከቅርፊት ይልቅ ጨረሩ ቀስ እያለ፣ ያለማቋረጥ ይግባ። መ = ለ × ሰ፤ «ለ» የመግባት ፍጥነቱ ነው። ይህንን ወረቀት ላይ መፍታት ይቻላል። ራ = ከ × ሰ የሚል ቀጥ ያለ መስመር ፈልጉ፤ እንዲህ ይመጣል፦

2ከ² − ከ + 2ለ = 0

መፍትሔ የሚኖረው 16ለ ከ1 ካልበለጠ ነው። ለ = 1/10 ሲሆን መፍትሔ የለም፤ መሃል ላይ ሲንጉላሪቲ ከተወለደ በኋላ የሚወጣው ብርሃን ሁሉ ተመልሶ ይወድቃል። ለ = 1/20 ሲሆን ግን ሁለት መስመር አለ፦ ከ = 0.362 እና ከ = 0.138። በነዚህ ላይ ያለ ብርሃን ከሲንጉላሪቲው ተነስቶ ይወጣል። ያልተሸፈነ ሲንጉላሪቲ ማለት ይሄ ነው።

ኮዱ ላይ ሲታይ ደግሞ ይገርማል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ብዙ የብርሃን መነሻ ሰጠሁትና ወደ ኋላ አስሮጥኩ። ሁሉም 0.138 ላይ እየተጠጉ ወደ አንዷ ነጥብ፣ ራ=0 እና ሰ=0፣ ገቡ። አሁን ከዚያች ነጥብ ወደ ፊት ልሂድ ብትሉ፣ የትኛውን መስመር ትመርጣላችሁ? ኮዱ 2መ/ራን ሲጠይቅ ዜሮ ለዜሮ ያካፍልና «ቁጥር አይደለም» ብሎ ይቆማል። ቀመሩም ከዚህ የተሻለ መልስ የለውም። ከ0.362 መስመር ውጭ ያለውን ሁሉ ከመነሻው መረጃ ማስላት እችላለሁ። ከመስመሩ ወዲህ፣ ወደ ውስጥ፣ ነጥቧ ምን እንደምትልክ የሚነግረኝ የለም። ይህ መስመር የኮሺ አድማስ ይባላል። ትንበያ እዚህ ያበቃል።

ፔንሮዝ በ1969 ተፈጥሮ እንዲህ ያለውን ነገር ሁልጊዜ በአድማስ ትሸፍነዋለች ብሎ ገመተ። እስካሁን ግምት ነው። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ በ1991 ግምቱ ትክክል ነው ብሎ ከኪፕ ቶርንና ከጆን ፕሬስኪል ጋር ተወራርዶ ነበር፤ ተሸናፊው ለአሸናፊው ራቁቱን የሚሸፍንበት ልብስ ይገዛል ተባለ። በ1993 ማት ቾፕቱይክ በኮምፒውተር ባደረገው ሥራ፣ የመነሻውን ሁኔታ እጅግ በጥንቃቄ ካስተካከሉት ያልተሸፈነ ሲንጉላሪቲ ሊወጣ እንደሚችል ታየ። ሆኪንግ በ1997 እጁን ሰጠ፤ ያውም «በቴክኒክ ጉዳይ» ብሎ። የእኔው 1/20ም እንዲሁ የቫይዲያ ጨረር ውጤት ነው፤ እውነተኛ ቁስ እንዲህ ተሰልፎ አይገባም።

ዓርብ ማታ፣ ውስጥ ውስጡን

የሚሽከረከር ብላክ ሆል ሁለት አድማስ አለው፤ የውጭና የውስጥ። ስሌቱ ከባድ ስለሆነ በምትኩ ኤሌክትሪክ የተሞላውን ወሰድኩ። እሱም ሁለት አለው፣ ክብ በመሆኑም ቀላል ነው። በተፈጥሮ ይህን ያህል ኤሌክትሪክ ያለው ብላክ ሆል አይጠበቅም፤ ተለማማጅ ነው። መ=1፣ ቻርጅ 0.8። የውጪው አድማስ 1.6 ላይ፣ የውስጠኛው 0.4 ላይ ይወድቃል። ንጹህ ቁጥር ስለሚሰጥ ነው 0.8ን የመረጥኩት።

ከውጭ ተለቆ የሚወድቅ ሰው ከ1.6 ወደ 0.4 ለመድረስ በራሱ ሰዓት 1.056መ ይፈጅበታል። በጋላክሲያችን ብላክ ሆል ልክ 22 ሰከንድ። እንዲሁ ከወደቀ ውስጠኛውን አድማስ በተወሰነ ሰ ላይ አልፎ ይሄዳል። ወሳኙ ወገን ሌላኛው ነው። ገብቶ ሮኬቱን ወደ ውጭ አቅጣጫ ቢለኩስ፣ ማለትም በስሌቱ ጉልበቱን −1 ባደርገው፣ ሰ ወደ ማያልቅ ቁጥር ይሮጣል፤ የሱ ሰዓት ግን ተራ ነው፣ ያልቃል። ከውጭ የሚገባው ብርሃን በሙሉ፣ እስከ ዘላለም የሚላከው፣ በነዚያ የመጨረሻ ቅጽበቶች ውስጥ ታጭቆ ይደርሰዋል።

እዚህ ላይ ላፕቶፑ እንደገና እጅ ሰጠ። ከ0.4 የቀረው ርቀት በ10 ሺህ ትሪሊዮን ሲከፈል፣ ሰ የጨመረው 10መ ብቻ ነው። ሦስት ደቂቃ ተኩል የውጪ ዜና ለማየት 16ቱም አኃዝ አለቀ። ብላክ ሆል ውስጥ የገባ ሰው «የአጽናፈ ዓለሙን መጨረሻ አየዋለሁ» የሚልበትን ታሪክ እያሰቡ ይህን ቁጥር ማየት ደስ ይላል።

ታጭቆ የሚደርስ ብርሃን ጉልበቱም ይጨምራል። በዚህ ብላክ ሆል ውስጥ ጭማሪው በየ0.185መ እጥፍ ይሆናል። ብላክ ሆሉ ሲወለድ የተረፈው ሞገድ እየደከመ ቢሄድም፣ ሪቻርድ ፕራይስ በ1972 እንዳሳየው ድካሙ ቀስ ያለ ነው፤ ጊዜው እጥፍ ሲሆን በተወሰነ መጠን ይቀንሳል እንጂ በየቅጽበቱ አይቆራረጥም። ስለዚህ እጥፉ ያሸንፋል። ፔንሮዝ ይህን በ1968 አስተውሎ ነበር። ኤሪክ ፖይሰንና ቨርነር እስራኤል በ1990 ደግሞ ውስጡ ያለው የስበት መጠን ራሱ ያለ ገደብ እንደሚያብጥ አሳዩ።

ይህ ለትንበያ መልካም ዜና ነው። ውስጠኛው አድማስ የኮሺ አድማስ ነው፤ ከሱ ወዲያ ያለው ከመነሻ መረጃ አይሰላም። ሞገዱ አድማሱን ካፈረሰው «ወዲያ» የሚባል ነገር አይኖርም፣ ጥያቄውም ይቀራል። ችግሩ፣ ማፍረሱ የተጠበቀውን ያህል አይደለም። ሚሃሊስ ዳፈርሞስና ጆናታን ሉክ በ2017 ባወጡት ሥራ፣ ከሚሽከረከር ብላክ ሆል ውስጠኛ አድማስ ላይ የሕዋና የጊዜ መለኪያው ሳይቋረጥ እንደሚዘልቅ አሳይተዋል። የሚበላሸው የለውጡ ፍጥነት ነው። ስንጥቅ አለ፣ ግን ግድግዳው ቆሟል። እኩልታዎቹን በተለመደው መንገድ ከዚያ ወዲያ ማስኬድ ይቻላል ወይ የሚለው ነው አሁን ክርክሩ። እኔ ብሆን የማይቻል ይመስለኛል፤ ማስረጃ ግን አልጽፍም፣ ላፕቶፔም በ10መ ያበቃለታል።

እሁድ፣ ትልቁ አድማስ

ኮዱን ልዘጋ ስል ሌላ አንድ ነገር ጨመርኩ። ተመሳሳይ ጥያቄ ስለ አጽናፈ ዓለሙ፦ ዛሬ ከተነሳ ብርሃን እስከ ዘላለም ወደ እኛ የማይደርሰው ከየት ጀምሮ ነው? ስሌቱ አንዲት መስመር ናት። የመስፋፋቱን ፍጥነት በሜጋ ፓርሴክ 70 ኪሎ ሜትር በሰከንድ፣ ከጠቅላላው ይዘት ቁሱን 0.3፣ ጥቁር ጉልበቱን (መስፋፋቱን የሚያፋጥነውን) 0.7 አድርጌ ከዛሬ እስከ ዘላለም ደመርኩ። 15.9 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ወጣ። የምናያቸው ብዙዎቹ ጋላክሲዎች ዛሬ ከዚያ ወዲያ ናቸው። የምናየው የጥንት ብርሃናቸውን ነው፤ ዛሬ የሚልኩት አይደርሰንም።

«እስከ ዘላለም» የምትለዋ ኮዱ ውስጥ አንዲት ቁጥር ናት። ጥቁር ጉልበቱ ባለበት ይቆያል የሚል ግምት ነው እዚያ የተጻፈው። ቁጥሯን ቀይሬ ጥቁር ጉልበቱ ከዛሬ መቶ ቢሊዮን ዓመት በኋላ ይጥፋ ብዬ አስሮጥኩት። ከዚያ ወዲህ ያለው ቁስ ብቻ ስለሆነ ድምሩ ማደጉን አያቆምም፤ ገደብ የለውም። አድማሱ ጠፋ። ዛሬ ቴሌስኮፕ ላይ የሚታየው ግን በሁለቱም ስሌት አንድ ነው።

ሁለቱንም ግራፍ በአንድ ገጽ አስቀምጫቸዋለሁ። ቀጥሎ ቫይዲያን ወደ ኋላ አዙሬ፣ ጨረር እያወጣ የሚከሳ ብላክ ሆል ላይ የክስተት አድማሱ ከወቅቱ አድማስ ምን ያህል እንደሚርቅ ማየት እፈልጋለሁ።